የፋይል ስም በፒዲኤፍ ገጽ ላይ፦ የቅድመ ኅትመት ምልልስ

በቅድመ ኅትመት ሥራ የፋይልን ስም በፒዲኤፍ ላይ በራሱ እንዲሰፍር ማድረግ ማለት፣ ወረቀቱ ሲቆረጥ በሚወድቀው ጠርዝ ላይ የሥራውን ስም፣ የገጹን ቁጥርና የወጣበትን ሰዓት ፕሮግራም እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። ጽሑፉ አንባቢ ዘንድ አይደርስም። የሚያነቡት ፕሩፍ (የሙከራ ቅጂ) የሚያርመው፣ ፕሌት (የማተሚያ ብረት) የሚያወጣውና ፕሌቱን ማሽን ላይ የሚያስረው ሰው ናቸው። ቀጥሎ ያለው ምልልስ በኦፍሴት ማተሚያ ቤት በሠራ አንጋፋ ባለሙያና ሙያውን በምትማር ወጣት መካከል የሚካሄድ ነው።

ተለማማጅ፦ ጋሼ፣ ፋይሉ ስም አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ ፎልደሮቹም በሥራ ቁጥር ተለይተው ተቀምጠዋል። ያንኑ ስም ገጹ ላይ ደግሞ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

ባለሙያ፦ ስሙ የፋይሉ እንጂ የገጹ ስላልሆነ ነው። ፒዲኤፍ በሆዱ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ቅርጸ ፊደልና የገጽ ልክ ይይዛል፤ የራሱን የፋይል ስም ግን አይዝም። ስሙን የሚያውቀው ዲስኩን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ነው። አንድ ሰው የፋይሉን ስም ቢለውጥ ከውስጡ አንዲት ነገር አትለወጥም። ስለዚህ ገጹ አንዴ ወረቀት ወይም ፕሌት ላይ ከወጣ፣ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የሚናገርለት የለም።

ተለማማጅ፦ ፋይሉ ሲከፈት ከላይ የሚታየው ርዕስስ?

ባለሙያ፦ እሱ ሌላ ነው። ርዕስ የሚባለው መስክ ፒዲኤፉ ውስጥ አለ፤ ግን የሚሞላው ሰነዱ መጀመሪያ በተሠራበት ፕሮግራም ነው። ያምናውን መጽሔት ፋይል ቀድቶ የዘንድሮውን የሚሠራ ዲዛይነር ርዕሱን መለወጥ ትዝ አይለውም። የዘንድሮው መጽሔት ባምናው ርዕስ ይመጣል። በርዕሱ የሚተማመን ማተሚያ ቤት ባለፈው ዓመት ስም እየማለ ይኖራል።

ተለማማጅ፦ ገጹን አይቶ መለየት አይቻልም?

ባለሙያ፦ ወረቀት ላይ ምናልባት። ፕሌት ላይ ግን ቁጥሩን አስቢው። ባለ 16 ገጽ ፎርማ፣ ማለትም ተጣጥፎ 16 ገጽ የሚሆን አንድ ሉህ፣ በአራት ቀለም ሲታተም ለአንዱ ፊት 4፣ ለሌላው ፊት 4፣ በድምሩ 8 ፕሌት ይወጣለታል። 160 ገጽ ያለው መጽሐፍ 10 ፎርማ ነው፤ 80 ፕሌት ማለት ነው። ፕሌቱ ላይ ቀለም የለም፤ ያለው በብረቱ ላይ የፈዘዘ ምስል ብቻ ነው። የሳያኑን ከማጀንታው በዓይን የሚለይ ጥቂት ነው። ሦስተኛውን እርማት ከአራተኛው የሚለይ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም፤ ልዩነቱ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሊሆን ይችላላ። የመማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ይብሳል፤ ሥዕሉና የገጹ አቀማመጥ አንድ ሆኖ ቋንቋው ብቻ ይለያያል። አማርኛና ትግርኛ ደግሞ ፊደላቸው አንድ ነው፤ ለቸኮለ ሰው ሁለቱ ገጾች መንታ ናቸው።

ተለማማጅ፦ እሺ፣ ይጻፍ። ግን እኔ በእጄ ብጽፈውስ? ገጹ ላይ የጽሑፍ ሣጥን ከፍቼ…

ባለሙያ፦ በእጅ የተጻፈ ስም ትናንት እውነት የነበረ ስም ነው። ዲዛይነሯ በቅጂ 2 ላይ «ቅ2» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ታርማለች፤ ፋይሉን «ቅ3» ብላ ታስቀምጣለች፤ ገጹ ላይ ያለው ግን «ቅ2» እንዳለ ይቀራል። የተሳሳተ ስም ካለመኖሩ የከፋ ነው። ስም የሌለው ፕሌት ሰውን ያስጠይቃል፣ ፋይል ያስከፍታል። የተሳሳተ ስም ያለው ፕሌት ግን ማንንም አያስጠይቅም፤ ቀጥ ብሎ ማሽን ላይ ይወጣል። ስሙን ፕሮግራም እንዲጽፈው የሚፈለገው ድካም ለመቀነስ ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ስሙን በሚጽፍባት ደቂቃ ከዲስኩ ያነበዋል፤ በማስታወስ አይጽፍም። ይህን ያዢ፤ ኋላ የትኛውን መሣሪያ እንጠቀም ሲባል ዋናው ጥያቄ ስሙ የሚነበብበት ደቂቃ መቼ ነው የሚለው ይሆናል።

ወደ መሣሪያዎቹ ከመሄዱ በፊት ምልልሱ በስሙ ላይ ይቆያል። በገጽ ላይ የሚሰፍረው የፋይሉ ስም እንዳለ ስለሆነ፣ ስሙ ራሱ ሥርዓት ከሌለው የሚሰፍረውም ሥርዓት አይኖረውም።

ባለሙያ፦ ስሙ በሥራ ቁጥር ይጀምር። ቀጥሎ አጭር ርዕስ፣ ከዚያ ክፍሉ፣ ማለትም ሽፋን ወይስ ውስጥ፣ በመጨረሻም የእርማቱ ዙር። ለምሳሌ «1204_ሳይንስ5_ውስጥ_ቅ3»። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ከስም ውስጥ ይውጣ። «የመጨረሻ_የታረመ_የመጨረሻ2» የሚል ፋይል ያላየ ማተሚያ ቤት የለም፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ምን ብለው እንደሚጠሩት እነሱም አያውቁትም። ቁጥር ግን ሁልጊዜ ቀጣይ አለው።

ተለማማጅ፦ በአማርኛ ፊደል ስም መስጠት ችግር የለውም?

ባለሙያ፦ ችግሩ በሦስት ቦታ ነው። አንዱ ምልክቶቹ ናቸው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበላቸው 9 ምልክቶች አሉ፤ ያጋደለችው መስመር አንዷ ናት። ስለዚህ «ት/ቤት» ወይም «ዓ/ም» ብለሽ መጻፍ አትችይም፤ «12/3/2017» የሚል ቀንም አይገባም። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለእኛ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ኮዶች ናቸው። በአንዱ የፈለገ ሌላውን አያገኝም፤ በፊደል ተራ ሲደረደሩም ተራርቀው ይቀመጣሉ። ማተሚያ ቤቱ አንዱን መርጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ይተው።

ተለማማጅ፦ ሦስተኛውስ?

ባለሙያ፦ ጉዞው ነው። ፋይሉ በቆየ የዚፕ ፕሮግራም ታሽጎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲፈታ የግዕዙ ስም ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች ሊለወጥ ይችላል። የሥራ ቁጥሩ በአኃዝ ከፊት ይቅደም ያልኩሽ ለዚህም ነው፤ የቀረው ቢበላሽ እንኳ 1204 ይተርፋል።

ተለማማጅ፦ ቀኑንም ስሙ ላይ ባደርገውስ?

ባለሙያ፦ ቀን በስም ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ከስሙ አጠገብ ፕሮግራሙ ራሱ ይጻፈው። ግን ኮምፒውተሩ የሚጽፈው የፈረንጁን ቀንና ሰዓት መሆኑን አትርሺ። «2017» የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲታይ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በእነሱ አይታወቅም፤ በሁለቱ መካከል ከ7 እስከ 8 ዓመት አለ። «14:30» ብሎ የሚጽፈውንም እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እንለዋለን። አንዱን መምረጥና ምልክት ማድረግ ነው፤ «እ.ኤ.አ.» የሚል አብሮ ይጻፍ፣ አለዚያም ፕሮግራሙ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሰላ ይደረግ። ዓመቱ ይቅደም፣ ወሩ ይከተል፣ ከዚያ ቀኑ፤ እንዲህ ሲሆን መደርደሩ በጊዜ ቅደም ተከተል ይመጣል።

ተለማማጅ፦ አሁን ቦታውን ንገረኝ፣ ጋሼ። ከገጹ የት ላይ ነው የሚጻፈው?

ባለሙያ፦ የፒዲኤፍ ገጽ አንድ ልክ ብቻ ያለው ይመስላል፤ ግን እስከ አምስት ሣጥን ሊይዝ ይችላል። ሚዲያ ቦክስ ከሁሉም ሰፊው ነው፤ ሙሉውን ወረቀት ይወክላል። ክሮፕ ቦክስ ስክሪን ላይ የሚታየውን ይወስናል። ብሊድ ቦክስ ከመቁረጫው አልፎ የሚፈስሰውን ምስል ይጨምራል። ትሪም ቦክስ የተቆረጠው መጽሐፍ ልክ ነው። አርት ቦክስን ለጊዜው እርሺው፤ እኛ ዘንድ ብዙም ሥራ የለውም። ስሙ የሚሰፍረው ከብሊድ ቦክስ ውጭ፣ ከሚዲያ ቦክስ ውስጥ ነው። ብሊድ ውስጥ ከገባ፣ ቆራጩ ትንሽ ሲያጋድል የፋይል ስም የመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ይቀራል።

ተለማማጅ፦ በቁጥር ስንት ይሆናል?

ባለሙያ፦ ኤ4ን ውሰጂ፤ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። ፒዲኤፍ የሚለካው በነጥብ ነው፤ አንድ ኢንች 72 ነጥብ ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ 2.83 ነጥብ ገደማ። ኤ4 በነጥብ 595 በ842 ይሆናል። ብሊዱ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሚዲያ ቦክሱ በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 230 በ317 ሚሊ ሜትር ወረቀት ይሆናል። ስሙን በ8 ነጥብ ፊደል ብትጽፊው ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከመቁረጫ መስመሩ በ5 እና በ8 ሚሊ ሜትር መካከል በደንብ ይቀመጣል፤ ከብሊዱም ይርቃል፣ ወረቀቱ ጫፍ ላይም አይደርስም። ማዕዘኖቹ ላይ የመቁረጫ ምልክቶች ስላሉ ከማዕዘን ገባ ብሎ ይጀምር።

ተለማማጅ፦ ደንበኛው የሚያመጣው ፒዲኤፍ ግን ብዙ ጊዜ ጠርዝ የለውም። ልክ 210 በ297 ሆኖ ነው የሚመጣው።

ባለሙያ፦ ያኔ ሚዲያ ቦክሱ ይሰፋል። ገጹ ከዜሮ ከጀመረ የታችኛው ጠርዝ ከ0 ወደ ‑28 ነጥብ ገደማ ይወርዳል፤ 10 ሚሊ ሜትር አገኘሽ ማለት ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር በፒዲኤፍ የተፈቀደ ነው። ይዘቱ አልተነካም፤ የሰፋው በዙሪያው ያለው ባዶ ነው። ክሮፕ ቦክስ ካለም አብሮ ይስፋ፤ አለበለዚያ ስሙ ተጽፎ ሳለ ስክሪን ላይ አይታይሽም፣ ሁለተኛ ትጽፊዋለሽ። ትሪም ቦክሱ ግን ከቦታው አይነቃነቅ፤ ከሌለም በቀድሞው ልክ ይመዝገብ። ፒዲኤፍ/ኤክስ በሚባለው የኅትመት ደረጃ እያንዳንዱ ገጽ ትሪም ቦክስ ወይም አርት ቦክስ እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ሁለቱን በአንድነት መያዝ ግን አይፈቀድለትም።

ተለማማጅ፦ እንዲህ ተለፍቶበት ስሙ ፕሌቱ ላይ መታየቱ የተረጋገጠ ነው?

ባለሙያ፦ አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ገጾቹ በፎርማ ሲደረደሩ የድርደራው ፕሮግራም እያንዳንዱን ገጽ ብሊዱ ላይ ይቆርጠዋል። ጎረቤት ገጾች ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት፤ በሚታጠፈው በኩል እንዲያውም ይነካካሉ። በገጹ ጠርዝ ላይ የጻፍሽው ስም ያን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። በገጽ ደረጃ የሚጻፈው ለፕሩፍና ለማጽደቂያ ነው፤ ደንበኛው የሚፈርምበት ወረቀት የትኛው ፋይል እንደሆነ ይናገራል። በወረቀት ደረጃ የሚጻፈው ደግሞ ድርደራው ካለቀ በኋላ፣ በትልቁ ሉህ ጠርዝ ላይ፣ በድርደራው ፕሮግራም ወይም ፕሌት በሚያወጣው ሪፕ ነው፤ የፎርማውን ቁጥር፣ ፊቱን፣ ቀለሙንና ሰዓቱን ይጨምራል። ማሽኑ ወረቀቱን በሚነክስበት ጫፍ ላይ ምንም አይታተምምና ጽሑፉ ከዚያ ይራቅ።

ተለማማጅ፦ አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ገጽ ከሚሠራበት ከኢንዲዛይን ፒዲኤፍ ሲወጣ «የገጽ መረጃ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ አይበቃም?

ባለሙያ፦ ለዲዛይነር ይበቃል። ከመቁረጫ ምልክቶች ጋር ሲመረጥ የፋይሉን ስም፣ የገጹን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓቱን ከገጹ ውጭ በስተግራ ግርጌ ይጽፋል። ግን የሚጽፈው የማንን ስም ነው? የኢንዲዛይኑን ሰነድ ነው፤ የሚወጣውን ፒዲኤፍ አይደለም። ዲዛይነሯ ፒዲኤፉን ሌላ ስም ከሰጠችው፣ ወይም እኛ የሥራ ቁጥር ከቀጠልንበት፣ ገጹ አንድ ስም ይላል ፎልደሩ ሌላ።

ተለማማጅ፦ የጽሑፍ ተለዋዋጭ የሚባለውስ?

ባለሙያ፦ ከኢንዲዛይን ሲኤስ3፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በዋና ገጹ ላይ፣ ከብሊድ ውጭ ባለው የማስታወሻ ስፍራ አንዴ ታስቀምጪዋለሽ፤ በሁሉም ገጽ ላይ የሰነዱን ስም ያሳያል፣ ስሙ ሲለወጥም ይከተለዋል። ፎልደሩን ጭምር እንዲያሳይ ይታዘዛል። ፊደሉንና ቦታውን ራስሽ ስለምትመርጪ ከመጀመሪያው ይሻላል። ጉድለቱ ግን ያው ነው፤ የሚያውቀው የምንጩን ሰነድ ስም ብቻ ነው።

ተለማማጅ፦ አክሮባት ፒዲኤፉን ራሱን ስለሚከፍት ትክክለኛውን ስም ያውቃል።

ባለሙያ፦ ያውቃል፤ ግን በተራው መንገድ አይነግርሽም። ራስጌና ግርጌ የሚጨምረው ክፍል የገጽ ቁጥርና ቀን ያስገባል፤ የፋይል ስም ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። መንገዱ ጃቫስክሪፕት ነው። አክሮባት ለተከፈተው ሰነድ የፋይል ስሙን የሚመልስ ባሕርይ አለው፤ ከጽሑፍ የውሃ ምልክት የሚሠራ ትእዛዝም አለው። ሁለቱን አገናኝተሽ በጥቂት መስመር ትጽፊያለሽ፤ ፊደሉ ስንት ነጥብ፣ ከታች ስንት ነጥብ ከፍ ብሎ፣ ከግራ ስንት ገብቶ። ያን ስክሪፕት በአክሮባት ፕሮ የተግባር አዋቂ ውስጥ ከከተትሽው ሙሉ ፎልደር በአንድ ትእዛዝ ይሠራልሻል።

ተለማማጅ፦ ይኼስ ጉድለት የለውም?

ባለሙያ፦ አለው። የተግባር አዋቂው ሲጨርስ ፋይሉን በአዲስ ስም እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ «_ፕሩፍ» የሚል ቅጥያ ይጨምራል እንበል። ስሙ የተነበበው ግን ከመቀመጡ በፊት ነው። ገጹ ላይ «1204_ሳይንስ5_ውስጥ_ቅ3» ይላል፤ ፋይሉ ግን «1204_ሳይንስ5_ውስጥ_ቅ3_ፕሩፍ» ሆኗል። ይህ ሆን ተብሎ ከሆነ መልካም ነው፤ ፕሩፉ የየትኛው ንጹሕ ፋይል ልጅ እንደሆነ ይናገራል። ሳይታሰብ ከሆነ ግን ሁለት ሰዎችን በስልክ ያጨቃጭቃል።

ተለማማጅ፦ ስሙን እንደ ማስታወሻ፣ በዚያች ቢጫ ወረቀት መልክ ብለጥፈውስ? ቀላል ነው።

ባለሙያ፦ አይሆንም። ማስታወሻ ከገጹ በላይ የተቀመጠ ሌላ ነገር ነው፤ የገጹ ይዘት አይደለም። ሪፑ እንደ አሠራሩ ሊያትመውም ሊዘለውም ይችላል። የፒዲኤፍ/ኤክስ ደረጃዎችም በሚታተመው ስፍራ ውስጥ እንዲህ ያለውን አይወዱም። ስሙ የገጹ ይዘት ሆኖ ይጻፍ።

ሥራው ሲበዛ የሰው እጅ ጨርሶ ይወጣል። ፒትስቶፕ ሰርቨርና ስዊችን የመሰሉ ፕሮግራሞች አንድን ፎልደር ይጠብቃሉ፤ ፋይል ሲገባበት ያነሱታል፣ ይመረምሩታል፣ ስሙን ያሰፍሩበታል፣ ወደ ሌላ ፎልደር ያወጡታል። ዋጋቸው ለትልቅ ማተሚያ ቤት ነው። ትንሹ ቤት በነፃ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ነገር ይሠራል።

ተለማማጅ፦ በፓይተን ማለትህ ነው፣ ጋሼ?

ባለሙያ፦ በፓይተንም፣ በኪውፒዲኤፍም፣ በፒዲኤፍቲኬም። መንገዱ አንድ ነው። ስሙ ብቻ ያለበት ባዶ ገጽ በተመሳሳይ ልክ ይዘጋጃል፤ ያ ገጽ በዋናው ገጽ ላይ ይደረባል። ቀላል ይመስላል፤ ሦስት ወጥመድ ግን አለው። መጀመሪያ፣ የገጹ መነሻ ዜሮ ላይ ላይሆን ይችላል። ቀደም ብሎ የተቆረጠ ገጽ ከ40፣ የሰፋ ገጽ ደግሞ ከ‑28 ሊጀምር ይችላል፤ «ከግራ 14 ነጥብ» ብለሽ ያዘዝሽው በመጀመሪያው ከገጹ ውጭ ይወድቃል፣ በሁለተኛው ካሰብሽው ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁልጊዜ ከሣጥኑ ጠርዝ ተነሥተሽ ቁጠሪ። ሁለተኛ፣ ገጹ የመዞር ምልክት ሊኖረው ይችላል። ስክሪን ላይ በአግድም የሚታየው ሠንጠረዥ በውስጡ ቁም ሆኖ ሳለ «90 ዲግሪ አዙረህ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይዞ ይሆናል። ስሙ ያን ጊዜ በጎን ተጋድሞ ይወጣል።

ተለማማጅ፦ ሦስተኛው?

ባለሙያ፦ ሦስተኛው የባሰበት ነው፤ ስሕተቱ አንዳንድ ገጽ ላይ ብቻ ስለሚታይ። የገጹ ይዘት የትእዛዝ ሰልፍ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ «ልኩን በግማሽ አሳንስ» ብሎ ያዝዝና መጨረሻ ላይ ወደ ቀድሞው ሳይመልስ ይተወዋል። ከኋላው የጨመርሽው ስምም ያንኑ ትእዛዝ ይወርሳል፤ በግማሽ ያንሳል፣ ቦታውን ይስታል፣ አንዳንዴም ተገልብጦ ይታያል። መድኃኒቱ የቀድሞውን ይዘት በሙሉ «ሁኔታውን አስቀምጥ» እና «ሁኔታውን መልስ» በሚሉት ሁለት ትእዛዞች መካከል ማሰር ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሙ በንጹሕ መሬት ላይ ይጻፋል። ጥሩዎቹ መሣሪያዎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል፤ በእጅሽ ስክሪፕት ስትጽፊ ግን ያንቺ ኃላፊነት ነው።

ተለማማጅ፦ ፊደሉስ? ስሞቻችን በግዕዝ ናቸው።

ባለሙያ፦ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሌላ ካልተነገራቸው ሄልቬቲካን ይወስዳሉ። ፒዲኤፍ ከጥንት ጀምሮ 14 መደበኛ ቅርጸ ፊደሎች አሉት፤ አንዱም ግዕዝ የለውም። በሄልቬቲካ የተጻፈ የአማርኛ ስም ባዶ ሣጥን ወይም ባዶ ስፍራ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ እነዚያ 14ቱ ፋይሉ ውስጥ ሳይገቡ በስም ብቻ ሊጠሩ ይችላሉ፤ ፒዲኤፍ/ኤክስ ግን እያንዳንዱ ፊደል ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዳል። ንጹሕ የነበረው ፋይል በጨመርሽው አንድ መስመር ብቻ ከደረጃው ይወድቃል። ስለዚህ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ በነፃ የሚገኝ የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ምረጪ፤ ፋይሉ ውስጥም ይግባ።

ተለማማጅ፦ በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደልስ አይሆንም? ብዙ ቤት አሁንም አለ።

ባለሙያ፦ አይሆንም። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ቅርጸ ፊደሎች የእኛን ፊደል በላቲን ኮዶች ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የፋይሉ ስም ዛሬ በዩኒኮድ ነው የሚቀመጠው፤ ፕሮግራሙ «ሳ»ን በድሮው ፊደል ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም።

ተለማማጅ፦ ቀለሙ ጥቁር ይሁን?

ባለሙያ፦ የትኛው ጥቁር? አንዳንድ መሣሪያ ጥቁሩን በአርጂቢ፣ በስክሪኑ የቀለም ሥርዓት፣ ይጽፈዋል። ያ ወደ አራቱ ቀለም ሲለወጥ ከአራቱም የተቀላቀለ ጥቁር ይሆናል፤ ፒዲኤፍ/ኤክስ‑1ኤ ላይ ደግሞ አርጂቢ ጨርሶ ክልክል ነው። ምርጫው ሁለት ነው። የጥቁሩ ቀለም ብቻ ከሆነ ስሙ ጥቁሩ ፕሌት ላይ ብቻ ይወጣል፤ ሦስቱ ፕሌቶች ስም አልባ ይቀራሉ። «ሁሉም» በሚባለው የምዝገባ ቀለም ከሆነ፣ እንደ መስቀለኛ ምልክቶቹ በየፕሌቱ ላይ ይወጣል። ልዩ ቀለም፣ ወርቃማም ሆነ ሌላ፣ ካለ በእሱም ላይ።

ተለማማጅ፦ እንግዲያው ሁልጊዜ በምዝገባ ቀለም ይሁን።

ባለሙያ፦ አትቸኩዪ። ያን የመማሪያ መጽሐፍ አስታውሺ። በአምስት ቋንቋ ይታተማል እንበል። ሥዕሎቹ አንድ ስለሆኑ የሳያን፣ የማጀንታና የቢጫ ፕሌቶች አንዴ ይወጣሉ፤ ጽሑፉ ሁሉ በጥቁር ብቻ ስለሆነ በየቋንቋው የሚለወጠው የጥቁሩ ፕሌት ነው። ለአንዱ ፊት 20 ፕሌት መሆኑ ቀርቶ 8 ይበቃል። አሁን ስሙን በምዝገባ ቀለም አስፍረሽ ከአማርኛው ፋይል ሦስቱን የቀለም ፕሌቶች ብታወጪ፣ ሦስቱም «አማርኛ» ይላሉ። የትግርኛው ጥቁር ሲታሰር ማሽኒስቱ ሦስት «አማርኛ» እና አንድ «ትግርኛ» ያያል። ጠንቃቃ ከሆነ ሥራውን ያቆማል፤ ካልሆነ ስሙን ማየት ይተዋል። ስሙን ማየት የተወ ማሽኒስት ደግሞ ለሚቀጥለውም ሥራ አያየውም፤ የከፋው ይኼ ነው።

ተለማማጅ፦ መፍትሔው ምንድን ነው?

ባለሙያ፦ ስሙን ለሁለት መክፈል። የሥራ ቁጥሩ፣ ርዕሱና ፎርማው በምዝገባ ቀለም ይጻፉ፤ የሁሉም የጋራ ናቸው። ቋንቋውና የእርማቱ ዙር በጥቁር ብቻ ይጻፉ፤ የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ናቸውና። የታተመው ወረቀት ላይ ሁለቱ ተያይዘው አንድ መስመር ሆነው ይነበባሉ፤ ፕሌቶቹ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይናገራል። እርማት ሲመጣም ጥቁሩ ብቻ «ቅ4» ይሆናል፤ የቀሩት ሐሰተኛ አይሆኑም። ስሙ ቋንቋውን ጨምሮ በሥርዓት ከተሰየመ፣ ፕሮግራሙ በክፍሎቹ መካከል ባለው «_» ምልክት ላይ ቆርጦ ሁለቱን መለየት ይቀልለዋል። ሥርዓት ከሌለው ግን የትኛው ቃል ቋንቋ፣ የትኛው ርዕስ እንደሆነ ማሽን አያውቅም።

ተለማማጅ፦ ከስሙ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ? ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ፋይል በአንድ ስም ቢያስቀምጥስ?

ባለሙያ፦ ይደርሳል። ፒዲኤፍ መጨረሻው ላይ ሁለት ክፍል ያለው መለያ ሊይዝ ይችላል፤ የፊተኛው ሰነዱ ሲፈጠር ይሰጣል፣ አይለወጥም፤ የኋለኛው ፋይሉ በተቀመጠ ቁጥር ይታደሳል። ወይም የፋይሉን ይዘት አስልቶ አጭር ኮድ የሚያወጣ ዘዴ አለ፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ኮዱ ሌላ ይሆናል። ከዚያ ኮድ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወይም ስምንት ምልክቶች ከስሙ ኋላ መጻፍ በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተውዪ፤ ኮዱ የንጹሑ ፋይል ነው እንጂ ስም የሰፈረበት አይደለም። ፋይል የራሱን ኮድ በራሱ ላይ ሊጽፍ አይችልም፤ ሲጽፈው ኮዱ ይለወጣል።

ተለማማጅ፦ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጠው። ፋይሉ ሲመጣ…

ባለሙያ፦ ሲመጣ በቤቱ ሥርዓት ይሰየማል። ቀጥሎ ይመረመራል፤ ፊደሉ፣ ቀለሙ፣ የምስሉ ጥራት፣ ሣጥኖቹ። ስሙ የሚሰፍረው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜም በቅጂ ላይ። ከዚያ ቅጂው እንደገና ይመረመራል። ይህን ሁለተኛ ምርመራ ሁሉም ይዘለዋል፤ «ስም ብቻ ነው የጨመርኩት» ይላል። ያ ስም ያልገባ ፊደልና አርጂቢ ጥቁር ይዞ ሊገባ እንደሚችል አይተናል።

ተለማማጅ፦ ስሙን በተለየ ንብርብር ላይ ባደርገውና ሲፈለግ ባጠፋውስ?

ባለሙያ፦ ንብርብር ወደ ፒዲኤፍ የገባው በእትም 1.5 ነው። ፒዲኤፍ/ኤክስ‑1ኤ ከዚያ በፊት በነበሩት 1.3 እና 1.4 ላይ የቆመ ስለሆነ አይቀበለውም፤ በ1.6 ላይ የተሠራው ፒዲኤፍ/ኤክስ‑4 ይቀበላል። ደንበኛው በየትኛው ደረጃ እንደሚልክ ካወቅሽ ተጠቀሚበት። ካላወቅሽ ንጹሑን ፋይልና ስም የሰፈረበትን ለይቶ ማስቀመጥ ይቀላል።

ተለማማጅ፦ ሥራው ሲያልቅ የትኛው ይቀመጣል?

ባለሙያ፦ ሁለቱም። ደንበኛው የፈረመበት ስም ያለው ፕሩፍ በሥራው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ክርክር ሲነሣ የሚወጣው እሱ ነው። ንጹሑ ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። መጽሐፉ እንደገና ሲታተም አዲስ የሥራ ቁጥር ያገኛል፤ የሚወሰደውም ንጹሑ ነው። ስም ያለበት ከተወሰደ አዲሱ ስም በአሮጌው ላይ ይደረባል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም አይነበቡም።